የማይጠጣው እንግዳ ብርጭቆ

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ አንድ መጠጥ ነው። ከበሰለ ቲማቲም ይዘጋጃል፤ ሎሚ፣ ቅመምና ትንሽ ጨው ይገባበታል፤ ቀዝቅዞ ይቀርባል፤ አልኮል የለበትም። በሌላው ዓለም የቲማቲም ኮክቴል ይሉታል። አሠራሩን ከነምክንያቱ እናያለን፤ ስለዚህ ብዕርና ወረቀት አዘጋጁ። አስቀድመን ግን ይህ መጠጥ በቤታችን ቦታ ሊኖረው የሚገባው ለምን እንደሆነ እንነጋገር፤ ጥቅሙ የገባው ሰው አሠራሩን አይረሳውምና።

ሠርግ ወይም በዓል የተደገሰበት ቤት ስትገቡ አስተውሉ። ለሚጠጣው እንግዳ ዝግጅቱ ከተጀመረ ቆይቷል። ጋኑ በወይራ ታጥኗል፣ ጌሾው ተወቅጧል፣ ጠላው ተጠምቋል፣ ጠጁም ተጥሎ ቀኑ ሲቆጠርለት ሰንብቷል። ለማይጠጣው እንግዳ ግን ከሳጥን ውስጥ ጠርሙስ ይወጣና ቆርኪው ይከፈትለታል፤ በቃ። ለአንደኛው እንግዳ እጅ የደከመበት መጠጥ ይቀርብለታል፣ ለሌላኛው የተገዛ ነገር ይሰጠዋል። ይህ ልዩነት ከክፋት የመጣ አይደለም፤ ልማድ ሆኖ ነው። ነገር ግን በጅማና በዙሪያዋ የማይጠጣው እንግዳ ጥቂት አይደለም። በሃይማኖታቸው ምክንያት አልኮል የማይቀምሱ ሙስሊም ቤተሰቦች እዚህ ብዙ ናቸው። ፕሮቴስታንቶች አሉ፤ ላለመጠጣት የወሰኑ ኦርቶዶክሳውያን አሉ። ነፍሰ ጡሯ አለች፤ መድኃኒት የጀመረው አለ፤ ማታ መኪናውን እያሽከረከረ ወደ አጋሮ የሚመለሰው አለ። እነዚህን ሁሉ ብንደምራቸው በብዙ ድግስ ላይ ከሚጠጣው ሰው ይበልጣሉ እንጂ አያንሱም።

ጠርሙሱ ውስጥ ያለውንም እንመልከት። አንድ 300 ሚሊ ሊትር የኮላ ለስላሳ በውስጡ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው፤ ይህም በሻይ ማንኪያ ሰባት ያህል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ አንድ ሰው በቀን ከሚያገኘው ኃይል ውስጥ ከተጨመረ ስኳር የሚመጣው ከ10 በመቶ እንዲያንስ፣ ቢቻልም ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ መክሯል። ይህ ዝቅተኛው ልክ ለአንድ አዋቂ ወደ 25 ግራም ግድም ነው። እንግዲህ አንድ ጠርሙስ ብቻውን ልኩን አለፈ ማለት ነው፤ በድግስ ላይ ደግሞ አንድ ጠርሙስ ብቻ የሚጠጣ ጥቂት ነው። ሌላም ጉድለት አለው። ጣፋጭ ነገር ቶሎ ያልቃል፣ ቶሎም ያሰለቻል። ጠጅ የያዘው ሰው ብርሌውን ይዞ እየተጎነጨ ሰዓታት ሲጫወት፣ ለስላሳ የያዘው በሦስት ጉንጭ ጨርሶ ባዶ ብርጭቆ ታቅፎ ይቀመጣል። አዋቂን ሰው የሚያጫውት መጠጥ ቶሎ እንዳይጠጣ የሚይዘው ነገር ሊኖረው ይገባል፤ መጎምዘዝ፣ መምረር፣ ማቃጠል ወይም ማወድ። የቲማቲሙን መጠጥ በስኳር ፋንታ በሎሚና በቅመም የምንሠራው ለዚህ ነው።

አልኮል ሳይገባበት የተከበረ መጠጥ ሊኖር ይችላል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ ከጅማ የተሻለ መልስ የሚሰጥ አገር የለም። ቡና አልኮል የለበትም። ሆኖም በአገራችን ከቡና ይልቅ ሥርዓት ያለው መጠጥ የትኛው ነው? ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ጭሱ ለእንግዶች እየዞረ ይሸተታል፣ ይወቀጣል፣ ይፈላል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ሦስት ጊዜ ይቀዳል። ክብሩን የሰጠው የተደከመበት ድካምና የተጨመረበት ቅመም ነው። ቀሪቦም ሌላው ምስክር ነው። ገብሱ በደንብ ይቆላል፣ ይፈላል፣ ይጣራል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ስኳርና እርሾ ገብቶበት ያድራል፤ በጅማ በዓልና ሠርግ ላይም ጠላ ለማይጠጣው ሰው ይቀርባል። የዚህ አካባቢ ሰው ለማይጠጣው እንግዳ መድከምን ከጥንት ያውቅበታል ማለት ነው። የቲማቲሙ መጠጥ የቀሪቦን ቦታ አይነጥቅም፤ ከጎኑ ይቀመጣል። ቀሪቦ ስኳርና እርሾ ስላለበት በቆየ ቁጥር እየፈላ ይሄዳል፣ ስለዚህም ቶሎ መጠጣት አለበት። የቲማቲሙ መጠጥ ግን እርሾ አይነካውም፤ ሌሊቱን ማደር ሳያስፈልገውም እንግዳው በሚመጣበት ቀን ጠዋት ተሠርቶ ይደርሳል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ፣ «ቲማቲም የወጥ ነው፤ ጨው ያለበት መጠጥ ደግሞ የእኛ አይደለም» የሚል ነው። ይህ ተቃውሞ የራሳችንን ታሪክ ይዘነጋል። ስኳር በየገጠሩ ከመዳረሱ በፊት ቡና በጨው ይጠጣ ነበር፤ ዛሬም በብዙ ገጠር በጨውና በቅቤ ይጠጣል። ከጅማ ወደ ደቡብ ምዕራብ በቤንችና በአጎራባቾቹ ዘንድ ጨሞ የሚባል መጠጥ አለ፤ የቡና ቅጠል ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከቃሪያና ከጨው ጋር ፈልቶ ይጠጣል። ቅመም የገባበት፣ ጨው ያለበት፣ የሚያቃጥልና አልኮል የሌለበት መጠጥ እንግዲህ በዚህ ምድር የኖረ ነው። ቲማቲሙንም ምላሳችን አስቀድሞ ያውቀዋል። በጾም ቀን የቲማቲም ፍትፍት ሲሠራ ቲማቲሙ፣ ሎሚው፣ ቃሪያውና ሽንኩርቱ ተዋሕደው የሚወጣውን ውሃ እንጀራው ሲመጥ፣ የሚጣፍጠን ያ ውሃ አይደለምን? እኛ የምንለው ያንኑ ጣዕም አጥልለንና አቀዝቅዘን በብርጭቆ እንቅዳው ነው። ቲማቲም ራሱ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ተክል ነው። በርበሬም እንዲሁ ከዚያው መጥቶ፣ ዛሬ ያለ እርሱ ወጥ ወጥ የማይመስለን ሆነናል። እንግዳ ተክል የእኛ የሚሆነው በእኛ እጅና በእኛ ቅመም ሲሠራ ነው።

የውጭው ታሪክም ይህንኑ ያጠናክራል። በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት በፍሬንች ሊክ ስፕሪንግስ ሆቴል ሉዊ ፔሪን የተባለ ምግብ አብሳይ እ.ኤ.አ. በ1917 የቲማቲም ጭማቂ ለእንግዶች ቁርስ ማቅረቡ ይነገራል። እ.ኤ.አ. ከ1920 እስከ 1933 አልኮል በአገሪቱ በሕግ በተከለከለባቸው ዓመታት የቲማቲም ጭማቂ በቆርቆሮ ታሽጎ ገበያ ወጣ። ከቮድካ ጋር የተቀላቀለው መጠጥ ስመ ጥር የሆነው ከዚህ ወዲህ ነው። ስለዚህ ያለ አልኮል የሚቀርበው የቲማቲም መጠጥ አንድ ነገር የተቀነሰበት ጎደሎ አይደለም። ጭማቂው ቀድሞ ሙሉ ነበር፤ ቮድካው በኋላ የመጣ ጭማሪ ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንለፍ። ለአምስት ብርጭቆ አንድ ኪሎ ተኩል ቲማቲም ያስፈልጋል፤ ይህ ወደ አንድ ሊትር ጭማቂ ይወጣዋል። ቲማቲሙ ውስጡ ድረስ የቀላና እጅ ሲነካው የሚለሰልስ፣ ነገር ግን ያልፈረጠና ያልሻገተ ይሁን። ገበያ ላይ ሻጮች «ለወጥ ነው» ብለው በርካሽ የሚለዩት በጣም የበሰለው ቲማቲም ለዚህ ሥራ ከጠንካራው ይሻላል። ሞላላውና ሥጋው ወፍራም የሆነው ጭማቂውን ያወፍረዋል፤ ክቡና ውሃማው ያቀጥነዋል። ሁለቱን ማደባለቅ ጥሩ ነው። በንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡት፤ ከተማ አቋርጦ የሚያልፍ ወንዝ የከተማውን ቆሻሻ ይዞ ስለሚሄድ፣ በወንዝ ውሃ የለማ አትክልት እጥበት ይፈልጋል። ይህ መጠጥ በጥሬው ተፈጭቶ ከሚቀርብ ጁስ የሚሻልበት አንዱ ምክንያትም እዚህ ላይ ነው፤ እኛ እናፈላዋለን። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ነው፤ መፍላት ከጀመረ በኋላም ቢያንስ አምስት ደቂቃ ማቆየት ጥሩ ነው።

ብዙ ሰው ቤቱ ሞክሮ የሚያማርረው፣ «ጭማቂው ብርጭቆ ውስጥ ተለያየ፤ ከላይ ውሃ፣ ከታች አተላ ሆነ» ብሎ ነው። ምክንያቱ ይህ ነው። ቲማቲም ውስጥ ፔክቲን የሚባል አወፋሪ ነገር አለ። ቲማቲሙ ሲቆረጥ ወይም ሲፈጭ፣ ፔክቲንን የሚበጣጥሱ ኢንዛይሞች ወዲያው ሥራ ይጀምራሉ። ቆርጣችሁ ሳህን ላይ ካቆያችሁት ወይም በጥሬው በማሽን ከፈጫችሁት ማወፈሪያው ይጠፋል፤ ውሃውና ሥጋው ይለያያሉ። እነዚህ ኢንዛይሞች ከ80 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ሥራቸውን ያቆማሉ። መፍትሔው ቀላል ነው። ድስቱን አስቀድማችሁ አሙቁ፤ ሁለት ሦስት ቲማቲም ብቻ በአራት ቆርጣችሁ ወዲያው ድስቱ ውስጥ ጨምሩና በእንጨት ማንኪያ እየደፈጠጣችሁ እንዲፈላ አድርጉ። ከፈላ በኋላ የቀረውን ጥቂት በጥቂት እየቆረጣችሁ ጨምሩ፤ መፍላቱ ግን አይቋረጥ። ድስቱ የማይዝግ ብረት ወይም ሸክላ ይሁን፤ የቲማቲም አሲድ አሉሚኒየምን እየበላ ጣዕሙን ያበላሻልና።

ቲማቲሙ ሲፈላ ቅመሙ አብሮ ይግባ። አንድ ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት፣ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ዝንጅብል፣ የሁለት ኮረሪማ ፍሬ ተደቁሶ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬና ግማሽ ቃሪያ ይበቃል። ኮረሪማ በዚሁ በደቡብ ምዕራብ ጫካ ጥላ ሥር የሚበቅል የአገራችን ቅመም ነው፤ ሌላው ዓለም ለዚህ መጠጥ ከጠርሙስ ሶስ የሚፈልገውን ጥልቀት እኛ ከደጃችን እናገኘዋለን። ማቃጠሉን ለሚወድ ትንሽ ዳጣ ወይም ቆጭቆጫ ይጨመራል። አዋዜ ለመጨመር የሚያስብ ካለ ግን አንድ ነገር ያስተውል። አዋዜ በብዙ ቤት በጠጅ ወይም በአረቄ ይለወሳል። አልኮል የለበትም ብለን ለእንግዳ የምናቀርበው መጠጥ እስከ ማጣፈጫው ድረስ እንዲሁ መሆን አለበት፤ ስለዚህ አዋዜው በውሃ ወይም በሎሚ የተለወሰ ይሁን። እንግዳው ያመነን ሳያይ ነው።

አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ከበሰለ በኋላ በወንፊት አጥልሉት፤ ልጣጩና ፍሬው ወንፊቱ ላይ ይቅር፣ ሥጋው ግን በማንኪያ እየታሸ ይውረድ። ወንፊቱ ላይ የቀረውን አትጣሉት፤ ለስልስ ይሆናል። ለአንድ ሊትሩ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምራችሁ አቀዝቅዙት። የሁለት ሎሚ ጭማቂ የሚጨመረው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ ቫይታሚን ሲ በእሳት ስለሚቀንስ፣ ቲማቲሙ ሲፈላ ያጣውን ሎሚው ይመልስለታል። በረዶ የሚያስፈልግ ከሆነ ውሃ ሳይሆን ጭማቂውን ራሱን በበረዶ መሥሪያው ውስጥ አቀዝቅዙ፤ ሲቀልጥ መጠጡን አያቀጥነውም። ሲቀርብ አንድ ዘለላ ትኩስ በሶብላ ብርጭቆው ላይ ጣል ይደረግበታል፤ ጤና አዳም ለቡና እንደምናደርገው ለዚህም ይስማማዋል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ግን ጤና አዳም ያለበትን አትጠጣ፤ ማሕፀንን ያነሣሣልና። ከለውዝ ጋር ብታቀርቡት ደግሞ አንድ ጥቅም አለው። ቲማቲምን የሚያቀላው ላይኮፒን የሚባለው ነገር ሲበስልና ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ሰውነት የበለጠ ይቀበለዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የጨው ነገር ነው፤ ተገቢም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል። በቆርቆሮ ታሽጎ የሚሸጥ የቲማቲም ጭማቂ ብዙ ጊዜ ጨው ይበዛበታል፤ ተቃውሞው በእርሱ ላይ እውነት ነው። በቤት ሲሠራ ግን ልኩ በእጃችን ነው። ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው አንድ ግራም ተኩል ያህል ነው፤ ለአምስት ብርጭቆ ሲካፈል ለአንዱ ከግራም ሲሶ አይበልጥም። የደም ግፊት ያለበት ሰው ጨውን ጨርሶ ቢተወው እንኳ ሎሚውና ቁንዶ በርበሬው ጣዕሙን ይይዙለታል። በሌላ በኩል መጠንቀቅ ያለባቸው አሉ። ቲማቲም ፖታሲየም ስላለው የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ። ጨጓራ ወይም ቃር የሚያስቸግረው ሰውም ቃሪያና ዳጣ ሳይገባበት በትንሹ ይሞክረው፤ ካልተስማማው ይተወው። መልካም መጠጥ ለሁሉም ይስማማል ማለት አይደለም።

ስለ ማቆየትም ጥብቅ ቃል አለኝ። ፍሪጅ ውስጥ ተከድኖ ሦስት ቀን ይቆያል፤ ፍሪጅ በሌለበት ቤት በተሠራበት ቀን ይጠጣ። በጠርሙስ አሽጋችሁ በመደርደሪያ ላይ ለሳምንታት አታስቀምጡት። የቲማቲም የአሲድነት መጠን ወሰኑ ላይ የሚዋልል ነው፤ አንዳንዱ ቲማቲም አደገኛ መርዝ የሚያመነጨውን የቦቱሊዝም ተሕዋስ ለመከልከል የሚያስፈልገውን ያህል አይጎመዝዝም። ይህ ተሕዋስ አየር በሌለበት በታሸገ ዕቃ ውስጥ ይራባል፤ ጣዕሙም ሽታውም ላያስታውቅ ይችላል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ዋጋ ነው። ክረምት ሲገባ ቲማቲም ይወደዳል፤ ዝናብ የሚያመጣው በሽታ ማሳውን ያጠፋዋል፣ መንገዱም ይከብዳል። ይህ እውነት ነውና መጠጡን በወቅቱ እንሥራው። በበጋ የመስኖው ምርት ሲደርስ ገበያው ይሞላል፤ ከመቂና ከዝዋይ የሚመጣውም በሳጥን ይደረደራል። ያን ጊዜ ሻጯ የሚያስጨንቃት ሌላ ነው፤ በጣም የበሰለው እስከ ነገ አያድርላትም። ቲማቲም ከመቶው 94 እጅ ያህሉ ውሃ ስለሆነ ሳጥን ውስጥ ይጨፈለቃል፣ ቶሎም ይበሰብሳል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጅ ለድኅረ ምርት አያያዝ ራሱን የቻለ የትምህርት ክፍል ማቋቋሙ ነገሩ ምን ያህል እንደሚያሳስብ ያሳያል። የበሰለውን ቲማቲም በርካሽ ገዝተን መጠጥ ስናደርገው፣ ለእኛ ወጪ ቀነሰ፣ ለሻጯም ኪሳራ ቀረላት። በክረምት ለሚያስፈልገው ሰው መርቲን የመሰለ የቲማቲም ድልህ በውሃ ቀጥኖ ከቅመሙ ጋር ሊፈላ ይችላል፤ ድልሁ ጨው ካለበት ሌላ ጨው አይጨመርበትም።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል። «ኮክቴል የሚባል ነገር በሚያምር ብርጭቆ ማቅረብ ወጣቱን ወደ እውነተኛው መጠጥ አያለማምደውም?» ይላሉ አንዳንድ ወላጆችና የሃይማኖት አባቶች። ስጋታቸውን አከብራለሁ። የአገራችን ሕግም ይህንኑ ስጋት ይጋራል፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አግዷል፣ ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑትም አልኮል እንዳይሸጥ ከልክሏል። ነገር ግን ወጣቱን ወደ መጠጥ የሚገፋው ብርጭቆው ነው ወይስ ሌላ ነገር? ብዙ ጊዜ የማናየው አንድ ሌላ ምክንያት አለ። ትልቅ ሰው መባል ከመጠጣት ጋር የተያያዘው፣ በድግሱ ላይ ለማይጠጣው የሕፃን መጠጥ ስለሚቀርብለት ነው። ሃያ አምስት ዓመት የሞላው ወጣት ከልጆች ጋር አንድ ዓይነት ጠርሙስ ሲሰጠው፣ አለመጠጣቱ ጉድለት ሆኖ ይሰማዋል። ሳይሰክር ከአዋቂዎች እኩል የሚያስቀምጠው፣ የተደከመበት መጠጥ ቢቀርብለት ግን አለመጠጣቱ እንደ ምርጫ ይከበርለታል። ስሙ ቅር የሚያሰኘው ካለ ኮክቴል አይበለው፤ «የቲማቲም መጠጥ» ብሎ ያቅርብ። ዋናው ነገር ስሙ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ለጤና ጉዳት የሌለው የአልኮል መጠን እንደሌለ ባሳወቀበት ዘመን፣ ለማይጠጣ ሰው የተሻለ ብርጭቆ ማዘጋጀት ለጤናም ለመከባበርም ይበጃል።

አድማጮቻችን፣ ቡናን ለዓለም የሰጠ አካባቢ ነዋሪዎች ናችሁ። አንድ ፍሬ በመቁላት፣ በመውቀጥና በማፍላት ክቡር መጠጥ እንደሚሆን ከእናንተ የተሻለ የሚያውቅ የለም። የቲማቲሙ መጠጥ የሚጠይቀው ከዚያ ያነሰ ነው፤ አንድ ኪሎ ተኩል የበሰለ ቲማቲም፣ አንድ ድስት፣ አንድ ወንፊት፣ ከጓዳችሁ የማይጠፋ ቅመምና የአንድ ሰዓት ጊዜ። በሚመጣው በዓል ወይም ሠርግ ጠላው ሲጠመቅ፣ ቀሪቦው ሲፈላ፣ ለማይጠጣው እንግዳችሁ ይህን አንድ ድስት ጨምሩለት። ብርጭቆውን ስትሰጡት አልኮል እንደሌለበት፣ ምን ምን እንደገባበትም ንገሩት፤ ደስ ብሎትና ሳይሰጋ ይጠጣዋል።